ሹራቡን የደበቀው የሹራብ መጽሔት

ይሄ ሪቪው በእጁ ሹራብ ለሚሰራ ሰው ነው፣ ሌሎቻችሁ ብታልፉት አልቀየምም። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ የሹራብ መጽሔት ይዛልኝ መጣች፣ ስሙን አልጠራም፣ ብቻ ከነዛ ወረቀታቸው ወፍራም ከሆነ የሀይ ፋሽን መጽሔቶች አንዱ ነው። ለማየት አስር ከአስር። ለመስራት ግን ኧረ ተዉኝ።

ሽፋኑ ላይ ያለችው ልጅ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ጨለማ ደረጃ ላይ ጋደም ብላለች፣ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ፀጉሯ ትከሻዋን ሸፍኖት፣ በዛ ላይ ካፖርት ደርባለች። እሺ ሹራቡ የታለ? የዛ ሹራብ ዋና ነገሩ እኮ መሀል ደረቱ ላይ ክሩ እንደ ፀጉር ተጎንጉኖ የሚወርደው ሹሩባ ነው፣ እሱን በክንዷ ከልላዋለች። እጅጌው ከትከሻው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ አንገቱ ከኋላ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል፣ ታቹ ላስቲክ ይኑረው አይኑረው ምንም አይታይም። እኛ ፎቶ የምናየው እኮ እዚህ ጋ ስደርስ ምን መምሰል አለበት ብለን ለማመሳከር ነው። ደግነቱ መጽሔቱ ኋላ ላይ በመስመር ብቻ የተሳለ፣ ስፋትና ርዝመቱ በሴንቲሜትር የተጻፈበት ትንሽዬ ስዕል አለ፣ እሷ ከዛ ሁሉ ፎቶ ትበልጣለች ወላሂ።

ፋሽን መሆኑን ጠልቼ አይደለም። ቮግ ኒቲንግ የሚባለው የሹራብ መጽሔት ራሱ በፈረንጆቹ 1932 ጀምሮ፣ 1969 ላይ ቆሞ፣ 1982 ላይ ነው የተመለሰው፣ ስለዚህ ፋሽንና የእጅ ሹራብ አብረው ከኖሩ ቆይተዋል (የኔው መጽሔት እሱ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ)። ግን የሚለበስ ነገር ስጡን እንጂ! ግማሹ ሹራብ እምብርት ላይ የሚያልቅ ነው፣ እናቴ አንዱን አይታ «ክሩ አልቆባት ነው?» አለችኝ። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅብን እምብርት ክፍት አድርጎ የሚወጣ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ የሚሰራ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፣ መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ስድስት መቶ ምናምን ሜትር ቁልቁል ስለሚወርድ ጠዋት ተጠቅልሎ ሚኒባስ የገባው ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ያልበዋል፣ ለዚህ የሚሆነው ከፊት የሚከፈት ባለ ቁልፍ ሹራብ ነው። ከመጽሔቱ ሙሉ እንደዛ አይነት አንድ ብቻ አገኘሁ፣ እሱም ቁልፉ አንገት ስር ያለችው አንዲት ብቻ ናት፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታክል።

አሰራሩን ስታነቡ ደግሞ ይብሳል። «ሽቦ ቁጥር 8» ይላል፣ የመስሪያውን ሽቦ ውፍረት ማለቱ ነው። የማን 8? የአሜሪካ 8 ቁጥር 5 ሚሊሜትር ነው፣ የድሮው የእንግሊዝ 8 ደግሞ 4 ሚሊሜትር። ሚሊሜትሩን ለማግኘት መጨረሻ ገጽ ድረስ ሄዳችሁ ጉንዳን በምታክል ፊደል መፈለግ ነው። የመለኪያ ቁራጩ፣ ማለት እጃችን መጥበቅ መላላቱን ለማየት ቀድመን የምንሰራት ትንሽ ናሙና፣ ነገርማ አንድ መስመር ብቻ ነው የተሰጠው፣ ዋናው ነገር እሱ ሆኖ ሳለ! በ10 ሴንቲሜትር 20 ዓይን (ሽቦው ላይ የምትደረደረው እያንዳንዷ የክር ቀለበት) መሆን ያለበት እጃችሁ ጠበቅ ብሎ 22 ከወጣ፣ 200 ዓይን የጀመራችሁት ሹራብ ዙሪያው 100 ሴንቲ መሆኑ ቀርቶ 91 ገደማ ይሆናል፣ ያ ማለት ለራሳችሁ ያሰባችሁትን እህታችሁ ትለብሰዋለች።

ክሩ ሐር የገባበት ሞሄር (የፍየል ፀጉር) ነው፣ ብን ብን የሚል። እኛ ሱቅ የምናገኘው በአብዛኛው አክሪሊክ ነው፣ በምን ይተካ የሚል ነገር ደግሞ የለም። አብሽሩ፣ መጽሔቱ የጠየቀውን የአንዱን ልቃቂት ሜትር በልቃቂቱ ብዛት አባዙና ድምሩን ከራሳችሁ ክር ሜትር ጋር አስተያዩ፣ በግራም ብቻ ከሄዳችሁ ጉድ ነው የምትሆኑት። ክሩ ላይ በተጠቀለለው ወረቀት ከ0 እስከ 7 የውፍረት ቁጥር ካለ ደግሞ እሱም ይቀራረብ፣ 0 በጣም ቀጭኑ ነው።

ቴክኒክ የሚያሳዩት የመጨረሻ ገጾች ግን እውነት ለመናገር አሪፍ ናቸው፣ በተለይ ጎንና ጎኑን ስፌቱ ሳይታይ እንዴት እንደሚገጠም በስዕል ደረጃ በደረጃ አስቀምጠውታል፣ ቋንቋውን ባታውቁም ይገባችኋል። የቁልፍ ቀዳዳውም ጥሩ ነው። እነሱን ገጾች ቀድጄ አስቀምጫለሁ፣ ሞዴሎቹን ታናሽ እህቴ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋቸዋለች።

ከአምስት ኮከብ ሁለት፣ ሁለቱም ለኋላ ገጾች ነው። የአክስቴ ልጅ የሚቀጥለውን እትም ልላክልሽ ወይ ብላ ደውላ ነበር፣ በሱ ብር ክር ላኪልኝ አልኳት፣ ግራጫ ከተገኘ ግራጫ።