ባለቤቱ መራጩ የሆነ መብራት፦ የሳክራሜንቶው ስመድ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሳክራሜንቶ ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው መብራት የሚያስገባለትን ድርጅት አያማርጥም፤ በከተማዋም ሆነ በአብዛኛው የካውንቲው (ከተማዋን የሚያካትተው የአስተዳደር አካባቢ) ክፍል ያለው ስመድ (SMUD) የሚባለው የሕዝብ የመብራት ድርጅት ብቻ ነው። አማራጭ የሌለው አገልግሎት ሲገመገም ከዋጋው እኩል መታየት ያለበት ደንበኛው በድርጅቱ ላይ ያለው ሥልጣን ነው፤ በዚህ ረገድ ስመድ ከፍተኛ ነጥብ ይገባዋል እላለሁ።

ነዋሪዎች በድምፃቸው የራሳቸውን የመገልገያ ዲስትሪክት (እንደ መብራት ያለ አገልግሎት የሚሰጥ የሕዝብ ድርጅት) እንዲያቋቁሙ ካሊፎርኒያ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ስታወጣ፣ የሳክራሜንቶ መራጮች በ1923 ስመድን መሠረቱ። ይሁን እንጂ ምሰሶውም ሽቦውም በግሉ ኩባንያ በፒጂ ኤንድ ኢ እጅ ስለነበረና የፍርድ ቤቱ ክርክር ስለተጓተተ፣ ርክክቡ የተፈጸመው በ1946 የመጨረሻ ቀን ነበር። ለዲስትሪክቱ የተሰጠው ሥልጣን ቀላል አይደለም፦ ቦንድ ይሸጣል፣ ለሕዝብ ጥቅም ካሳ ከፍሎ የግል ንብረት መውሰድ ይችላል፣ ታሪፉንም ራሱ ይወስናል። የግል ኩባንያዎችን ታሪፍ የሚቆጣጠረው የግዛቱ ኮሚሽን የስመድን ታሪፍ አያጸድቅም፤ ይህን የሚያደርጉት በየቀበሌያቸው የሚመረጡ ሰባት የቦርድ አባላት ናቸው።

ታሪፉ ቤት ውስጥ በግልጽ ይሰማል። በሥራ ቀናት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ዋጋው ይወደዳል፤ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ሞቃት ወራት ልዩነቱ ብዙ ነው። በዚያ ሰዓት ምጣድ የሚጥድና አየር ማቀዝቀዣውን የሚለቅ ሰው ሂሳቡ ላይ ያየዋል፤ እንጀራውን ጠዋት ወይም ቅዳሜ የሚጋግር ግን በእጅጉ ይጠቀማል። አሠራሩ ምክንያታዊ ነው፤ ሆኖም ከሥራ ሲመለስ ብቻ ማብሰል ለሚችል ቤተሰብ ይከብዳል፤ ይህንንም ለቦርዱ መንገር ተገቢ ነው።

የመራጩ ሥልጣን በወረቀት ብቻ እንዳልቀረ የራንቾ ሴኮ ጉዳይ ያሳያል። ስመድ የገነባው ይህ የኒውክሌር ጣቢያ በተደጋጋሚ እየተበላሸ ወጪው ሲንር፣ ነዋሪው ሰኔ 6 ቀን 1989 በድምፁ እንዲዘጋ ወሰነ፤ በማግስቱም ሥራው ቆመ። አንድ ሕዝብ የሚሠራን የኒውክሌር ጣቢያ በምርጫ ሲያዘጋ ማየት እጅግ ብርቅ ነው።

ቅሬታዬ ድንበሩ ላይ ነው። በ2006 እንደ ዴቪስና ዉድላንድ ያሉ የዮሎ ካውንቲ ከተሞች ስመድን እንዲቀላቀሉ የቀረበውን ሐሳብ የስመድ ነባር መራጮች ስላልተቀበሉት፣ ከሳክራሜንቶ ወንዝ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች እስከ ዛሬ በፒጂ ኤንድ ኢ መስመር ነው የሚገለገሉት። ነባሩ ደንበኛ ወጪ እንዳይበዛበት መስጋቱ ይገባኛል፤ ግን ለራሱ 23 ዓመት የታገለለትን መብት ለጎረቤቱ ሲከለክል ማየት ያሳዝነኛል፤ ከአምስት ኮከብ አንዱን የምቀንሰውም በዚህ ነው።