አዲስ ሰርቨር ሳያስገዛ ሥራችንን ላፈጠነልን ባለሙያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። «ሰርቨራችን ሥራ ሳይበዛበት ይንቀረፈፋል» የምትሉ ካላችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ፤ በዚያውም በአደባባይ ላመስግነው። ስሜ አይጠራ ስላለ «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ክፍሉን እመራለሁ። ያለን ሰርቨር አንድ ነው። ኬቪኤም በሚባል፣ አንዱን ኮምፒውተር ለብዙ ቨርቹዋል (በሶፍትዌር የተፈጠሩ) ማሽኖች በሚያካፍል ሶፍትዌር ተከፋፍሎ፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዙን፣ የሂሳብ ክፍሉን ዊንዶውስና ሌሎች ጥቃቅን ማሽኖችን ይዟል። አንድ ደረሰኝ ሲቆረጥ ፕሮግራማችን ክምችቱን፣ የባች ቁጥሩን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን እያለ ዳታቤዙን በትንንሽ ጥያቄ ያዋክበዋል። መልሱ ይጓተታል፤ ሲፒዩው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። ከዚህ በፊት ያየልን ሁሉ «አዲስ ሰርቨር ግዙ» ነበር የሚለን። በዛሬው የዶላር ዋጋ!

ልጁ መጥቶ አንድም ነገር ሳይነካ መለካት ጀመረ። ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ የሚመጣ ፒጂ ቴስት ታይሚንግ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ሰዓት ማየት ብቻውን ስንት ናኖሰከንድ እንደሚፈጅ ይለካል። ጉዱ ያኔ ወጣ። የዳታቤዙ ማሽን ሰዓት የሚያነበው ኤሲፒአይ ፒኤም ከሚባለው የኮምፒውተር ሰዓት ነበር፤ ማሽኑ ከድሮው ሰርቨር ሲዛወር የማስነሻ መስመሩ ላይ ተረስቶ የቀረ ትእዛዝ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ይህ ሰዓት በሶፍትዌር የተመሰለ ስለሆነ፣ በተነበበ ቁጥር ሥራው ከማሽኑ ወጥቶ፣ ሰርቨሩ ላይ ባለ ሌላ ፕሮግራም በኩል ዞሮ ይመለሳል። ኬቪኤም ራሱ ለማሽኖቹ የሚያቀርበው ኬቪኤም ክሎክ የሚባለው ሰዓት ግን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይነበባል። መስመሩን አጠፋው፣ ማሽኑ እንደገና ተነሳ፣ የሽያጭ ልጆች እኛ ሳንነግራቸው «ምን አደረጋችሁት?» ብለው ደወሉ።

ዊንዶውሱ ላይ ኤችፒኢቲ የሚባለውን ሰዓት አጥፍቶ በምትኩ የሃይፐር ቪን (የማይክሮሶፍት የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ነው) ሰዓትና ታይመር ከፈተለት። ማንም ሳይሠራበት ሲፒዩ ሲበላ የኖረ ማሽን አደብ ገዛ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የመጨረሻው ነው። ቨርቹዋል ማሽን ሥራ ሲያጣ «ሃልት» ብሎ ሲፒዩውን ለኬቪኤም ያስረክባል። ቀጣዩ ጥያቄ ሲመጣ እንደገና መቀስቀስ አለበት። የሚባክነው ጊዜ በማይክሮሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ እንደኛ ጥያቄው ትንንሽና ተከታታይ ሲሆን ግን ይጠራቀማል። «ደንበኛ በወጣ ቁጥር ሱቁን ቆልፎ እቤቱ ሄዶ የሚተኛ ባለሱቅ በለው» አለኝ። ኬቪኤም ከውጭ በኩል ጥቂት ነቅቶ የመጠበቅ ልማድ አለው። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ሊኑክስ 5.4 ላይ የተጨመረው ሃልትፖል ደግሞ ማሽኑን ከውስጥ ያስጠብቀዋል፤ ካልቀየሩት እስከ 200 ማይክሮሰከንድ ድረስ። በዚያ መሃል ሥራ ከመጣ መውጣትም መመለስም ሳያስፈልግ ይቀበለዋል።

«እንግዲያው ለሁሉም ክፈተው» ስለው እምቢ አለ። ነቅቶ መጠበቅ ሲፒዩ ይፈጃል፤ ማሽን በበዛበት ሰርቨር ላይ የጎረቤትን ድርሻ ይሻማል። ስለዚህ ለዳታቤዙ ብቻ አደረገው። ጨርሶ እንዳይተኛ ማድረግም ይቻላል፤ እሱን ግን ሙቀቱንና መብራት ሲጠፋ የዩፒኤሱን ባትሪ አስቦ አልነካውም። እኔ የወደድኩለት ይህንን ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ እኛ ላይ አልሞከረም።

የወር መጨረሻ ሪፖርታችን አሁንም ይዘገያል። እሱን «ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ቶሎ ፈልጎ የሚያገኝበት ማውጫ) የለውም፣ ፕሮግራመሮቻችሁን ጠይቁ» ብሎ ተወው፤ አላስከፈለበትም። የቀየረውን እያንዳንዱን ነገር ከነመመለሻው ጽፎ አስረክቦናል።

ነቀፋም አለኝ፦ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ቀን መደበኛ ሥራ ስላለው የሚመጣው ከመሸ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆናችሁ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስንት ማሽን እንዳላችሁና ምን እንደሚዘገይባችሁ ጨምራችሁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።