በ41 ዓመቴ እንደገና አፌን ያስፈቱኝ እትዬ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ግን ዝም ብል እግዜርም ይታዘበኛል። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ እንግሊዝኛው እየገባችሁ አፋችሁ ላይ የሚሰናከልባችሁ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ሆቴል ነው የምሠራው፣ ክፍል ጽዳት። አምና ቤት ቀየርኩና አዲሱን አድራሻ ለአለቃዬ ልነግራት «አይ ሊቭ…» ብዬ ሳልጨርስ «መቼ?» አለችኝ። መቼ ገባሽ ያለችኝ መስሎኝ «ቅዳሜ» አልኳት። ለካ እኖራለሁ ያልኩት እለቃለሁ ሆኖባታል! የሚቀጥለው ሳምንት ስኬጁል ሲለጠፍ ስሜ የለም። የአንሶላውንማ ተዉት፤ «ሺት»፣ አንሶላ ስጡኝ፣ ባልኩ ቁጥር ስድብ እየሆነ ስንት ቀን እንደተሳቀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያልሞከርኩት የለም። አንዱ 300 ዶላር ተቀብሎ፣ ፎቶ ኮፒ አሸክሞ፣ ሁለት ወር «ድገሚ፣ ድገሚ» ሲለኝ ከረመ። ልዩነቱ አይሰማኝም ስለው በሰው ፊት «ጆሮሽን ታከሚ» አለኝ። ሌላው ሁለቴ አስተምሮ ስልኩን አጠፋ። ከገንዘቡ ይልቅ ያቺ የጆሮዋ ነገር አንጀቴን ቆረጠችው።

እትዬ ጋ የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት፣ ዘሯ ይባረክ። አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ እናት ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ያስተምራሉ። የመጀመሪያ ቀን ወረቀት ላይ በአማርኛ «ሺፕ» ብለው ጻፉ፣ ከሥሩም «ሺፕ»። «አንዱ መርከብ፣ አንዱ በግ። የቱ የቱ ነው?» አንድ ናቸው እኮ አልኳቸው። «አየሽ ልጄ፣ ጆሮሽ አይደለም፤ ቋንቋችን ነው አንድ ያደረጋቸው።» ቀጥለው «ገና» ብለው ሁለቴ ጻፉ። ሳያስረዱኝ አንዱን አጥብቄ በዓሉን፣ አንዱን አላልቼ «ገና አልመጣም» የምንለውን አነበብኩ። «ፈረንጁን ጎረቤቴን ሃያ ጊዜ አስደግሜዋለሁ፣ አይለየውም። ታዲያ ደንቆሮ ነው?» አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ።

ከዚያ የፀጉር ላስቲካቸውን ፈቱ። በጉን ስጠራ ላስቲኩን ለጠጥ፣ ከንፈሬን ፈገግ፤ መርከቡን ስጠራ ለቀቅ፣ አፌን ዘና። እርዝመቱ ብቻ አይደለም፣ ምላስም ቦታ ይቀይራል ብለው ብዙ አስረዱኝ፤ እውነቱን ለመናገር እሱን አልያዝኩትም። ላስቲኩ ግን ሠራ! «ኪት» መጨረሻው ላይ ዝምተኛዋ «ኢ» ስትለጠፍ «ካይት» የሚሆነውንማ በአንድ ቀን ጨረስነው፤ እሱ በፊደላችንም ስለሚለይ ቀላል ነው። የእንግሊዝኛ ቫወል (አናባቢ) 5 ነው ተብለን አልነበር ያደግነው? 5ቱ ፊደሉ ነው እንጂ ድምፁ ከ12 በላይ ነው። የኛ 7 ናት።

ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር «ማሚ፣ እኔ ላውራ» ይለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ደውለው አድራሻ ሲጠይቁኝ፣ ላስቲኬን ጠረጴዛ ሥር ለቀቅ አድርጌ «አይ ሊቭ» አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ጌሙ ተመለሰ።

እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን ወር ክፍያ አልቀበልም ብለውኛል፤ ከሌላውም የቻለውን ነው የሚቀበሉት። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ከአምስት ሰው በላይ አይይዙምና ቶሎ በሉ። ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሳቸው አልቋል።