ኤኤንኤን ለመማር፦ ማይክሮስኮፑ ይሻላል ወይስ ኤላይዛው?

ላብራቶሪ የሚማር ሰው ሰውነት ራሱን ስለሚያጠቃበት ስለ ሉፐስ በሽታ ሲያነብ ቶሎ የሚያገኘው ምርመራ ኤኤንኤ ነው። ሰውነት በራሱ ሴል ኒውክለስ ላይ የሚያመርታቸውን አንቲቦዲዎች ይፈልጋል። የሚሠራውም በዋናነት በሁለት መንገድ ነው፦ በኤላይዛ (በቀለም ለውጥ አንቲቦዲን የሚለካ ዘዴ) እና በማይክሮስኮፕ።

ኤላይዛው ቀላል ነው። ሳህኑ 96 ጉድጓድ አለው። ሴረም (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ትጨምራላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ ቀለም ይወጣል፣ ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል። ብዙ ናሙና ላለበት ላብራቶሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን የሚይዘው ሳህኑ ላይ ለተለጠፉት አንቲጂኖች (አንቲቦዲ የሚጣበቅባቸው ነገሮች) የተሠራውን አንቲቦዲ ብቻ ነው።

ማይክሮስኮፑ ግን እንዴት ደስ ይላል! ስላይዱ ላይ ሄፕ-2 የሚባሉ ሙሉ ሴሎች አሉ። አንቲቦዲ ከተጣበቀ አረንጓዴ ያበራሉ። ዋናው ነገር አበራሩ ነው። ኒውክለሱ ወጥ ሆኖ ከበራ ሉፐስ ይታሰባል። የሴንትሮሜር (የክሮሞሶም መጋጠሚያ) ነጠብጣቦች ከታዩ ሐሳባችን ቆዳን ወደሚያጠነክረው በሽታ፣ ወደ ስክሌሮደርማ ይሄዳል። ይህን መልክ ኤላይዛ አያሳይም። ጣጣው ዓይን መሠልጠን አለበት፤ አንድን ስላይድ ሁለት ባለሙያዎች ለየቅል ሊያነቡት ይችላሉ።

እኔ ለተማሪ የምመክረው ከማይክሮስኮፑ እንዲጀምር ነው። በ2019 የወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ የሉፐስ መስፈርትም መነሻው በሄፕ-2 ላይ 1:80 (ሴረሙ ሰማንያ እጥፍ ተቀጥኖ) እና ከዚያ በላይ ወይም ተመጣጣኝ ውጤት ነው። ደግሞ ማቅጠኑን በእጃችሁ ስትሠሩት ቁጥሩ ይገባችኋል። በ1:40 ከጤነኛ ሰዎች እንኳ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ፖዘቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ውጤቱን ስትጽፉ ማቅጠኑንና የአበራሩን መልክ አብራችሁ ጻፉ፤ ሐኪሙ በባዶ «ፖዘቲቭ» ብዙ ሊሠራ አይችልም።