ሂተሩ ሳይቀጠል ከረመ

አዘዞ ትንሽ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሁለት ሞተር፣ ሁለቱም ባለ 7.5 ኪሎዋት፣ ሶስት ፌዝ። የእህሉ ሞተር በየቀኑ ይሠራል፣ ስለሱ የማወራው የለኝም፤ ይፈጫል በቃ። ነገሬ ከበርበሬው ሞተር ጋር ነው።

የዛሬ 14 ወር፣ ሰኔ ላይ ስገዛው ሻጩ "ይሄ ውስጡ ሂተር አለው፣ እርጥበት አይነካውም" ብሎ ዋጋውን ቆለለብኝ፤ ሂተር የሚለው የሞተሩን ውስጥ የሚያሞቅ ትንሽ ማሞቂያ ነው። የጎንደር ክረምት ይታወቃል፤ በዝናብ በርበሬ የሚያስፈጭ ስለሌለ ሞተሩ ቆሞ ነው የሚከርመው፣ ስለዚህ ከፈልኩ። ጓደኞቼ "ምጣድ ነው እንዴ የገዛኸው?" ብለው ሳቁብኝ።

ጳጉሜ ላይ አንዲት እናት ለአውደ ዓመት በርበሬ ይዘው መጡ። ሞተሩን ሳስነሳ ብሬከሩ ጣለ። መለስኩት፣ ደግሞ ጣለ። (መመለሴ ራሱ ጅልነት ነበር፣ የሞተሩ ሽቦ ተቃጥሎ ማስጠቅለያ ልከፍል ምንም አልቀረኝም።) ኤሌክትሪሽያኑ የሽቦ መቀጠያ ሳጥኑን ሲከፍተው ክዳኑ እንደ ድስት ክዳን ውሃ ያንጠባጥባል። የሽቦውን መከለያ ጤንነት በሚለካው መሣሪያ፣ በ500 ቮልት ሜገር ለካው፤ 0.4 ሜጋ ኦም። ቁጥሩ ሲያንስ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። "ጋሼ፣ ከ5 በታች ከሆነ ማስነሳት አይቻልም" አለኝ።

ሂተሩስ? ሁለት ቀጫጭን ሽቦ፣ በቴፕ ተጠቅልለው ሳጥኑ ጥግ ተኝተዋል! የገጠመው የሻጩ ሰው ነው፤ ሳይቀጥለው ሄዷል። አንተ ሻጭ፣ "ለሞተሩ መብራት ሲገባ እሱም አብሮ ይሠራል" አላልከኝም? እንዴት ብሎ? ሂተር የሚሞቀው ሞተሩ ሲቆም ነው፣ የራሱ 220 ቮልት መስመር ይፈልጋል።

ሞተሩ ድፍን ስለሚመስል አየር የማይገባው ይመስለን ነበር። ይገባል። ቀን ይሞቅና ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ያ እርጥበት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ወዝ ይሆናል። የእህሉ ሞተር ግን ሥራው ራሱ ስለሚያሞቀው ሂተር ሳይኖረው ደህና ከረመ። ይሄ ነው የሚያናድደው።

ሁለት ቀን ፈትተን በአምፖል ሙቀት አደረቅነውና ዳነ። ከዚያ ኤሌክትሪሽያኑ ሂተሩን በኮንታክተሩ (ሞተሩን በሚያስነሳውና በሚያቆመው ማብሪያ) በኩል አዞረው፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል፣ ሲቆም ይበራል። 25 ዋት ነው፣ ሌት ተቀን ቢበራ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ከሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ የደፈነውን የበርበሬ ብናኝም ጠረገልኝ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሞተሩን ብሬከር ብታጠፉም የሂተሩ ሽቦ መብራት አለበት። የኔ ረዳት በእጁ ነው ያወቀው፣ እግዜር አተረፈው።

ታዲያ ያስፈልጋል ወይ? በየቀኑ ለሚሠራ ትንሽ ሞተር፣ የኔ መልስ አያስፈልግም፣ ብራችሁን ያዙ። ወር ሁለት ወር ለሚቆም ግን እኔ ዛሬም ብሆን እገዛለሁ። መብራት ሲጠፋ ሂተሩም አብሮ ይጠፋል፣ እሱን ምን ላድርገው።

ባለፈው ሳምንት ሜገር ተውሼ ለካሁት። ዝናቡ ሳያባራ፣ ከ200 ሜጋ ኦም በላይ። ሻጩን ባገኘው ልስደበው ወይስ ላመስግነው እያልኩ ነበር፤ መጀመሪያ እሰድበዋለሁ።