ስቴብላይዘሩ ወይስ አይኤስኦው? ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ከወራት በኋላ

ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስቴብላይዘር አለው ወይ?" ብሎ ነው። የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰውን ክፍል ማለቱ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። እኔ ግን ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪን ይዤ ብርሃን በሌላቸው ቤቶችና አዳራሾች ውስጥ ወራት ከርሜበታለሁና ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። የምታነሳው ነገር ይንቀሳቀሳል?

ካሜራው የወጣው በ2018 ነው። ፉል ፍሬም ነው፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያክላል፤ 24 ሜጋፒክስል። ሴንሰሩ ራሱ በአምስት አቅጣጫ እየተንቀሳቀሰ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጠፋል፤ አምራቹ እስከ 5 ስቶፕ ይላል (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ወይም ግማሽ ነው)። አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን፣ ከ100 እስከ 51200 ነው፤ ሲለጠጥ 204800 ይደርሳል። ይህን የመጨረሻ ቁጥር እርሱት። ለማስታወቂያ ወረቀት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው በ50 እና በ85 ሚሊሜትር ሌንሶች ነው፣ ሁለቱም ኤፍ 1.8 (ይህ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። የራሳቸው ስቴብላይዘር የላቸውም፤ የማረጋጋቱ ሥራ በሙሉ የካሜራው ነው።

በ50ው ሌንስ ያለ ስቴብላይዘር እጄን የማምነው ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ እስከ 1/60 ሰከንድ ሲከፈት ነው። በዚህ ካሜራ 1/8 ላይ ዘና ብዬ አነሳለሁ። 1/4 ላይ ሦስት አራቴ ደጋግሜ ደህናውን እመርጣለሁ። ግማሽ ሰከንድ ከሆነ ግድግዳ ተደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ያውም ከቀናኝ ነው። ስለዚህ 5 ስቶፕ የተባለው በእኔ እጅ ወደ 3 ይወርዳል።

3 ስቶፕም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ1/60 አይኤስኦ 6400 የሚጠይቅ ክፍል፣ በ1/8 ከሆነ 800 ይበቃዋል።

አንድ ምሽት ይህን ለማየት ወዳጄን ከመጻሕፍት መደርደሪያ ፊት አስቀመጥኩት። ያለው ብርሃን አንድ የጠረጴዛ መብራት ነው። በሁለቱም መንገድ አነሳሁት። በ800ው ፎቶ የመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ እስከ ትንሿ ፊደል ይነበባል። ጥላው ንጹህ ነው፣ የእንጨቱ ቀለም ልክ ነው። ወዳጄ ግን እያወራ ነበርና ከንፈሩ ተደርቦ ወጥቷል። ያነሳው እጁ ጣት የለውም፤ ጭስ መስሏል። በ6400ው ፎቶ ጥላው ውስጥ ኖይዝ (ብናኝ የመሰለ ነጠብጣብ) አለ፣ መጻሕፍቱም ትንሽ ፈዘዋል። ዓይኑ ግን ጥርት ብሏል፣ ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል። ላክልኝ ያለኝ ይህንን ነው። ስለ ኖይዙ ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ ምስጢር የለውም። በውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ የሚለካው የካሜራውን መወዛወዝ ብቻ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ራሱን ቢነቀንቅ የሚያውቀው ነገር የለም። ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው 1/125 እፈልጋለሁ። ለሚራመድ 1/250፣ ለሚጨፍርና ለሚሯሯጥ ልጅ 1/500። እዚህ ፍጥነት ላይ በ50 ሚሊሜትር ስቴብላይዘሩ ሥራ ፈት ነው። ጉዳዩ ያለው አይኤስኦው ጋ ነው።

እዚያ ላይ ይህ ካሜራ አላሳፈረኝም። እስከ 6400 ሳላስብ እሄዳለሁ። 12800 ላይ ኖይዙን በኮምፒውተር እቀንሳለሁ። 25600ን ጥቁርና ነጭ ለማደርገው ወይም በስልክ ብቻ ለሚታይ ፎቶ እተወዋለሁ። 51200 "ነበርኩ" ለማለት ያህል ነው። ከኖይዙ ይልቅ እኔን የሚያናድደኝ ቀለሙ ነው። ከ12800 በላይ ጥላ ያረፈበት ፊት ሕይወቱ ይጠፋል። በተለይ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ከነጭ ግድግዳ ፊት ሲሆን ካሜራው በግድግዳው ተታሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። ፊቱን በኋላ በኮምፒውተር ላብራው ብትሉ ኖይዙ ግልብጥ ብሎ ይመጣል። እዚያው በቦታው ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ከፍ ማድረግ ይሻላል፣ አይኤስኦው ቢወጣም ይውጣ።

አይኤስኦን ፈርተው በ1600 ጨለም አድርገው አንስተው፣ በኋላ ሁለት ስቶፕ የሚያበሩ ሰዎች አሉ። ምንም አያተርፉም። ኖይዙን በዋናነት የሚያመጣው የብርሃን ማነስ ነው፤ ቁጥሩ ላይ መናደድ ትርፉ ድካም ነው። እንዲያውም ይህ ሴንሰር 640 ላይ ሲደርስ ወደ ሌላ የማጉያ ደረጃ ይሻገራል። በሮ (RAW፣ ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ለሚያነሳ ሰው ከ500 ይልቅ 640 ላይ ጥላው ንጹህ ነው። ግር ይላል፣ ግን ሞክሩት።

ሚዛኑን ይበልጥ ያዛባው ደግሞ ሶፍትዌሩ ነው። በ2023 ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ከገባው ዲኖይዝ (ኖይዝ መቀነሻ) በኋላ የ12800 ፎቶዎቼን እንደ ድሮው አልፈራቸውም። የተንቀሳቀሰ ፊትን ግን እስካሁን ወጉን ጠብቆ የሚመልስልኝ ፕሮግራም አላገኘሁም።

እንዲህ ስላልኩ ስቴብላይዘሩን ያጣጣልኩ እንዳይመስል። ትራይፖድ በሚከለከልበት ሙዚየም ውስጥ፣ ሰው በሌለበት የሌሊት ጎዳና፣ ውሃ እንደ ሐር እንዲፈስ ሲፈለግ፣ ከእሱ ወዲያ ላሳር ነው። ቆሞ ቪዲዮ ለሚቀርጽም ትልቅ እፎይታ ነው። እየተራመዱ ከሆነ ግን ጊምባል (ካሜራውን በሞተር የሚያረጋጋ መያዣ) ያስፈልጋል። ረጅም ሌንስ ላይ ደግሞ ሴንሰሩ ብቻውን አይችለውም። ትንሿ የእጅ ንቅናቄ እዚያ ትልቅ ስለምትሆን ሌንሱ ውስጥ ያለው ስቴብላይዘር ይበልጣል። ካኖን በ1995 ስቴብላይዘርን መጀመሪያ ያስገባው 75-300 ሌንስ ውስጥ መሆኑ በከንቱ አይደለም። ሴንሰሩን የማንቀሳቀሱ ዘዴ ወደ ዲጂታል ኤስኤልአር (በውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) የመጣው በ2004 በኮኒካ ሚኖልታ ነው።

የድሮ ማንዋል ሌንስ ለምትገጥሙ አንድ ነገር፦ ካሜራው የሌንሱን ሚሊሜትር አያውቅም፣ በሜኑ ገብታችሁ መንገር አለባችሁ። 135 ተብሎ ተቀምጦ 50 ከገጠማችሁ ከልክ በላይ ያካክስና፣ ሊያረጋጋ የመጣው ራሱ ፎቶውን ያበላሸዋል።

አሁን የሚንቀሳቀሰውንና የማይንቀሳቀሰውን ለየብቻ አስቀምጬ ነው የምሠራው። የሞድ መዘውሩ ላይ ያለው 1 ቁጥር ለሰው ነው። አውቶ አይኤስኦ፣ ሹተር ከ1/125 እንዳይወርድ፣ ጣሪያው 12800። 2 ቁጥር ለማይንቀሳቀስ ነገር ነው። እዚያ ሹተሩ እስከ 1/8 ይወርዳል፣ አይኤስኦው ከ1600 አያልፍም። ሰው ገባ ሲባል በአውራ ጣት አንዴ ቀጭ ማድረግ ነው። የማነሳው አብዛኛው ሰው ስለሆነ መዘውሩ 1 ላይ ይውላል።

ይህ ካሜራ ከወጣ ወዲህ እስከ 8 ስቶፕ የሚሉ ካሜራዎች መጥተዋል፤ የራሱ የሶኒ ኤ ሰቨን አር ፋይቭ አንዱ ነው። ለዚያ ብዬ ካሜራ አልቀይርም። ገንዘብ ከተገኘ የምገዛው ኤፍ 1.4 ሌንስ ነው። ከ1.8 የሚበልጠው ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ብቻ ነው፤ ለሚጨፍረውም ሰው ግን ይሠራል።