ቱሉ ዲምቱ ላይ፦ እቤት ማድረስ ወይስ ሱቅ ላይ ማስረከብ?

በቴሌግራም ጫማ የሚሸጥ ሰው እንደ ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ባሉ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ደንበኛ ሲያገኝ ምርጫው ሁለት ነው፦ እቤት አድርሶ ብሩን በእጅ መቀበል፣ ወይም ዕቃውን ሰፈሩ ውስጥ ባለ ሱቅ ማስቀመጥ።

እቤት ማድረስ ገዢን ይስባል፤ ሰው ዳስሶ፣ ለክቶ ነው የሚከፍለው። ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎክ ቁጥር ብቻ ይዞ መነሳት ጉድ ያፈላል። ሳይቱ፣ ብሎኩ፣ ወለሉ፣ የቤት ቁጥሩና ሁለተኛ ስልክ ቀድመው ይያዙ። ደንበኛው ስልክ ካላነሳ ኪሳራው የሻጩ ነው፦ ከአንድ ጫማ 300 ብር ቢተርፍና ደርሶ መልሱ 600 ብር ቢፈጅ፣ አንድ የተመለሰ ጫማ የሁለት ሽያጭ ትርፍ ይበላል።

ሱቅ ላይ ከሆነ አስር ዕቃ በአንድ ጉዞ ይራገፋል። እንቅፋቱ እምነት ነው፤ ያላየውን ዕቃ ሙሉ ክፈል ቢሉት ማን እሺ ይላል? የመላኪያውን ያህል ቀብድ በቴሌብር ተቀብሎ፣ ቀሪውን ደንበኛው ጫማውን ከለካ በኋላ ማስከፈል ይሻላል። ባለሱቁ ግን ስክሪንሾት አይቶ እንዳያስረክብ! ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀነባበራል፤ ሻጩ ብሩ መግባቱን ከራሱ ስልክ አይቶ ይደውልለት።

ለጫማና ለልብስ ሱቁን እንመርጣለን። ፍሪጅና ሶፋ ግን እቤት ድረስ ይሂድ፤ የጫኝና አውራጁን ዋጋ ከመጫኑ በፊት ተስማሙ።